«መጀመሪያ ልቤ ይታመን፣ ከዚያ እታዘዛለሁ»

ከአንዲት አንባቢያችን የደረሰን ደብዳቤ አጠር ተደርጎ እነሆ፦

«ምሥራቅ ጎጃም፣ ብቸና አካባቢ እህል ነጋዴ ነኝ። ዕድሜዬ 36 ሲሆን የሦስት ልጆች እናት ነኝ። በዓመት 300 ኩንታል ያህል ጤፍ ከገበሬ እገዛለሁ። የምገዛበት ሚዛን የተቀሸበ ነው፤ በኩንታል ሦስት ኪሎ ይበላል። ባለቤቴ ነው እንዲህ ያደረገው፤ እኔም እያወቅሁ ስድስት ዓመት ሠራሁበት። ባለፈው ዓመት ለንስሐ አባቴ ተናገርሁ። ‹ሚዛኑን አስተካክዪ፣ የወሰድሽውን መልሺ፣ ከዚያ ቀኖናሽን ተቀበዪ› አሉኝ። አልቻልሁም። ጾም አላፈርስም፣ በየወሩ በ21 እመቤታችንን እዘክራለሁ፤ ሚዛኑን ልነካ ስል ግን እጄ ይያዛል። ‹ልጆቼ ምን ይበላሉ?› እላለሁ። እግዚአብሔር ያበላል ብዬ በአፌ እናገራለሁ፣ ልቤ ግን አይታመንም። ስለዚህ መጀመሪያ ልቤ እንዲታመን እየጸለይሁ ነው፤ ከዚያ እታዘዛለሁ። ጌዴዎንስ ምልክት ጠይቆ የለም? ከእናንተ የምደብቀው ስለሌለ ይህንም ልንገራችሁ፤ አንድ ደብተራ ለገበያ የጻፈልኝ ክታብ ከመጋዘኑ መቃን ላይ ታስሯል። የ12 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚዛኑን ቁጥር የሚመዘግብልኝ እሱ ነው። ምን ላድርግ?»

እኅታችን፣

ጌዴዎንን ካነሣሽው ከእሱ እንጀምር። መሳፍንት ምዕራፍ 6ን ስታነቢ ግን የበግ ጠጕሩ ጋ ዘለሽ አትሂጂ። ጌዴዎን በዚያ ምዕራፍ ሁለት ጊዜ ምልክት ይጠይቃል። አንደኛው በቍጥር 17 ነው፤ የሚያናግረው በእርግጥ ማን እንደሆነ ለማወቅ። ሁለተኛው በቍጥር 36 ነው፤ ወደ ጦርነት ከመውጣቱ በፊት ጠጕሩን በዐውድማው ላይ የዘረጋበት። በሁለቱ መካከል አንድ የጠራ ትእዛዝ አለ፤ የአባትህን የበኣል መሠዊያ አፍርስ የሚል። በዚህኛው ላይ ምልክት አልጠየቀም። አሥር ሎሌዎች ይዞ ሄደ፤ የአባቱን ቤተሰብና የከተማውን ሰው ስለፈራም በቀን ሳይሆን በሌሊት አፈረሰው። መጽሐፉ ፍርሃቱን አልሸሸገለትም፤ በሌሊት በማድረጉም ማንም አልነቀፈውም። ሲነጋ ከተማው ሊገድለው ተሰበሰበ። ጥብቅና የቆመለት ማን ነበር? መሠዊያው የፈረሰበት አባቱ ኢዮአስ። ጌዴዎን ይህን ረዳት ሌሊቱን ቢፈልገው አያገኘውም ነበር፤ ኢዮአስ ጠበቃ ሆኖ የተገኘው መሠዊያው ከፈረሰ በኋላ ነው።

አንቺ «ማን ነው የሚያናግረኝ?» የሚል ጥያቄ የለብሽም። ዘሌዋውያን 19፥35 እና 36፣ ምሳሌ 11፥1 ስለ ሚዛን የሚሉት ትርጓሜ የሚያሻው አይደለም። ምሳሌ «አባይ ሚዛን» ይላል፤ እኛ ጎጃሞች ዓባይ ሲባል ወንዙ ይቀድመናል እንጂ ይሄኛው በአልፋው «አ» የሚጻፈው ነው፣ ሐሰተኛው። ዘዳግም 25፥13 ደግሞ በከረጢትህ ትልቅና ትንሽ ሁለት ሚዛን አይኑር ይላል። በደብዳቤሽ አልጻፍሽውም እንጂ ሁለተኛ ሚዛን እንዳለሽ እንገምታለን፤ በኩንታል ሦስት ኪሎ በሚበላ ሚዛን ገዝቶ በዚያው የሚሸጥ ነጋዴ የሰረቀውን መልሶ ለሸማቹ ያስረክባልና። ስለዚህ ትእዛዙ በስም ጠርቶ አግኝቶሻል። የጠራ ትእዛዝ ላይ የሚጠየቅ ምልክት ብዙውን ጊዜ ቀጠሮ ማራዘሚያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ልብሽ እስኪታመን ትጠብቂያለሽ፤ ልብሽ ደግሞ አንድም ቀን የሚታመንበት ነገር አላየም። ሚዛኑ እየቀሸበ፣ ክታቡ በመቃኑ ላይ እያለ እግዚአብሔር ሲመግብሽ እንዴት ያየዋል? ቢመግብሽም ልብሽ የሚያመሰግነው ሦስቱን ኪሎ ነው። ጤፍ የሚያመጡልሽን ገበሬዎች ተመልከቺ። ሐምሌ ላይ ጎተራው የሚሳሳበት፣ ልጅ «ራበኝ» የሚልበት ጊዜ ነው፤ ገበሬው ግን ከዚያው ከሳሳው ላይ ለአንድ ጥማድ ስምንት፣ አሥር ኪሎ ጤፍ ቀንሶ ጭቃ ላይ ይበትናል። መስከረም ዝናቡ ቶሎ ይቁም አይቁም፣ ውርጭ ይምጣ አይምጣ በሐምሌ የሚነግረው የለም። ልቡ እስኪረጋጋ ቢጠብቅ ዘሩ ያልፍበታል። ያ እርጋታ ያለው ገበሬ ካየሽ ደግሞ ብዙ ሐምሌዎችን የዘራ ሽማግሌ ነው። መዝሙር 125 «በልቅሶ የሚዘሩ» የሚለው እያለቀሱም መዝራት እንዳለ ስለሚያውቅ ነው።

ቋንቋችንም ይህን ያውቃል። «በእግዚአብሔር ታመን» ስንልና «የታመነ አገልጋይ» ስንል ግሱ አንድ ነው። አንዱ መደገፍ ነው፣ ሌላው እምነት የሚጣልበት መሆን፤ አማርኛ ሁለቱን በአንድ ቃል ያስራቸዋል። ሉቃስ 16፥10 ላይ በጥቂት የታመነ በብዙም የታመነ ነው የሚለውን በዚህ ጆሮ ስሚው። አንቺ የመጀመሪያውን ትርጕም ለብቻው እየለመንሽ ነው፤ ቃሉ ግን አይነጠልም።

እግዚአብሔር ሕዝቡን መታመንን ያስተማረበት ዘዴ በዘጸአት 16 በግልጽ አለ። መና ለአንድ ሰው አንድ ጎሞር፣ በዛሬ መለኪያ ሁለት ሊትር ገደማ፤ ለነገም አታሳድሩ ተባለ። «ለማንኛውም» ብለው ያሳደሩት ተልቶ ሸተተ። በስድስተኛው ቀን እጥፍ ሰብስቡ ሲባል ያደረው አልተላም፤ በሰባተኛው ቀን ሊለቅሙ የወጡት ባዶ እጃቸውን ገቡ። መናው ያው መና ነው፣ ዕቃውም ያው ዕቃ፤ የተለየው ቃሉን መስማታቸውና አለመስማታቸው ነው። ይህ 40 ዓመት የቀጠለ ትምህርት ነው። «ታመኑኝ» የሚል ረጅም ስብከት አልነበረበትም፤ ማታ ባዶ ዕቃ አስቀምጠው እንዲተኙ ታዘዙ፣ ጠዋት ሲነሡ መናው በሜዳው ነበር። ያንቺ ባዶ ዕቃ ሦስቱ ኪሎ ናቸው።

ለልብሽ መጸለይሽን አታቋርጪ፣ ቃሉን ግን ለውጪው። በማርቆስ 9፥24 የታመመ ልጅ ይዞ የመጣው አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» አለ፤ ይህን ያለው ልጁን ቤት ትቶ አይደለም፣ ይዞት መጥቶ ነው። አንቺም መጋዘኑን ከመክፈትሽ በፊት አባታችን ሆይን ድገሚና «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ለዛሬ» ላይ ስትደርሺ ቁሚ። ስለ ዛሬ ብቻ ለምኚ፤ የሰኔን ለሰኔ ተዪው።

ወደ ሚዛኑ እንሂድ፤ እዚህ ላይ ስለ እምነት ብቻ ተናግሮ ማለፍ አይበቃም። ባዶውን ሚዛን እዪ፣ ዜሮ ላይ መቆም አለበት። ዜሮ ላይ ቆመ ማለት ግን ልክ ነው ማለት አይደለም፤ ባዶ ሲሆን ልክ ሆኖ ሲጫን የሚያንስ ሚዛን አለ፣ ለዓይን የሚያታልለውም እሱ ነው። ስለዚህ ውኃ ተጠቀሚ፤ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እስከ አፉ ከሞላሽው ከ20 ሊትር በላይ ስለሚይዝ አትመኚው፤ በሁለት ሊትር የውኃ ጠርሙስ እየለካሽ አሥር ጊዜ ጨምሪበት። በአንድ ጀሪካን ብቻም አትፈትኚ፤ በኩንታል ሦስት ኪሎ የሚበላ ሚዛን በ20 ኪሎ ላይ 600 ግራም ገደማ ብቻ ነው የሚያጎድለው፣ ያ ደግሞ ያመልጣል። አምስት ጀሪካን አዘጋጂ። ባዷቸውን አንድ ላይ መዝኚና ጻፊ፣ ሞልተሽ መዝኚ፣ ልዩነቱ 100 ኪሎ ካልሆነ ሚዛኑ ሐሰተኛ ነው። ሚዛኑ ሰሌዳ ያለው ከሆነ ሸክሙን መሐል ላይም፣ በአራቱ ማዕዘን ላይም እያስቀመጥሽ እዪ፤ ቁጥሩ ከተለዋወጠ ጥገና ይፈልጋል። የምትገዢበትንና የምትሸጪበትን ሁለቱንም በዚሁ ፈትኚ።

ከዚያ የሚያስተካክል ባለሙያ ጥሪ፤ የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሚዛን ሲመረምርም ያንቺንም እንዲያይልሽ ጠይቂ። ዳግመኛ በቀላሉ እንዳይነካ አድርጎ ይዝጋልሽ። ይህን የምንልሽ «እጄ ይያዛል» ስላልሽ ነው። ሚዛኑ በእጅሽ የሚጠመዘዝ ከሆነ በየገበያው ቀን እንደገና መወሰን ሊኖርብሽ ነው፤ በዓመት ብዙ ጊዜ መታገል። ተዘግቶ ካደረ አንድ ጊዜ ነው የምትታዘዢው፤ በቀሩት ቀናት ፍርሃትሽ ቢመጣም የሚጠመዝዘው ነገር አያገኝም። እንደ ጌዴዎን በሌሊት ብታደርጊውም ቅር አይለንም። ሌሊት ስንል ግን ከባለቤትሽ ተደብቀሽ ማለታችን አይደለም፤ ወደ እሱ እንመጣለን።

ኪሳራው ቀላል ነው ብለን አናባብልሽም። ከ300 ኩንታል ላይ በኩንታል ሦስት ኪሎ በዓመት ዘጠኝ ኩንታል ነው። የእህል ንግድ ትርፉ ቀጭን ስለሆነ ይህ ከትርፍሽ ትልቅ ቁራሽ ሊሆን ይችላል። አንድ የቀና መንገድ አለ፤ በስውር የምትወስጂውን በግልጽ ተደራደሪበት። 103 ኪሎ ተቀብሎ የ100 መክፈል ማለት ከመቶ ብር ሦስት ብር ገደማ አሳንሶ መግዛት ነው። ዋጋሽን በዚያው ልክ ዝቅ አድርገሽ በልክ መዝኚ። ገበሬው ሸጦ ባይሄድልሽ መብቱ ነው፤ ሐሰት ግን የለበትም። እዚህ ላይ የሚመጣውን እናውቀዋለን፤ ጎረቤትሽ በአፉ ከፍ ያለ ዋጋ ይጠራል፣ በሚዛኑ ይመልሰዋል፣ ገበሬው ግን የሰማውን ዋጋ ይዞ ወደ እሱ ይሄዳል። አምስቱን ጀሪካን ከበሩ ላይ አስቀምጪና «ከመመዘንህ በፊት ሚዛኑን በዚህ ፈትን» በዪው። የሚሞክር ይሞክራል፣ የማይሞክር ያልፋል። ይህ ገበያ ያመጣልሻል ብለን ቃል አንገባም፤ አንድ ወቅት ሙሉ ላያመጣም ይችላል። ሦስቱ ልጆች በእሳቱ ፊት «ባያድነንም እንኳ» ያሉት (ዳንኤል 3፥18) ለእንዲህ ያለው ወቅት ነው።

ባለቤትሽን በተመለከተ ስብከት አትጀምሪበት። ከሁሉ አስቀድሞ ቁጭ ብላችሁ ሒሳብ ሥሩ፤ ያለ ሦስቱ ኪሎ ምን ይተርፋል፣ የመጋዘኑ ኪራይ፣ የጫኝ አውራጁ፣ የቤቱ ወጪ ምን ያህል ነው፣ የትኛው ይቀነሳል? ፍርሃት ቁጥር በወረቀት ላይ ሲሰፍር ብዙ ጊዜ ያንሳል፤ ባያንስም ቢያንስ ልኩ ይታወቃል። ከዚያ የተወሰነ ጊዜ ለምኚው፤ «ከዛሬ ጀምሮ እስከ ጾመ ነነዌ በልክ እንመዝን፣ ከዚያ እንነጋገር» በዪው። ለዘለዓለም ነው ስትዪው የሚደነግጥ ሰው ወራት ሲቆጠርለት ሊሰማ ይችላል። አንቺ ግን በልብሽ ቀን አትቁረጪ፣ የለመንሽው ቀን ለእሱ ነው። ፈጽሞ እምቢ ካለ የንስሐ አባታችሁ እቤት መጥተው ያነጋግሩት፤ እስከዚያው በእጅሽ አትመዝኚ፣ «እኔ ከእንግዲህ በዚህ አልመዝንም» በዪ። መሠዊያው የጌዴዎን አባት ንብረት እንደነበረ አትርሺ።

መመለሱ ረጅሙ ክፍል ነው። በዓመት ዘጠኝ ኩንታል በስድስት ዓመት 54 ኩንታል ይሆናል። ዘኍልቍ 5፥7 የበደለ ሰው ዋናውን አምስተኛ እጅ ጨምሮ ይመልስ ይላል፤ አምስተኛው 10 ኩንታል ከ80 ኪሎ ነው፣ በጠቅላላው 64 ኩንታል ከ80። ዘኬዎስ አራት እጥፍ ያለው በራሱ ፈቃድ ነው፤ አንቺ ዛሬ በስሜት ተነሥተሽ አራት እጥፍ ብለሽ አትሳዪ፣ ሳትጨርሺው ትቀሪና ሁለተኛ ዕዳ ይሆንብሻል። በወር አንድ ኩንታል ብትመልሺ አምስት ዓመት ከአምስት ወር ይፈጃል፤ በወር 50 ኪሎ ብትመልሺ አሥራ አንድ ዓመት ገደማ። የትኛው እንደሚሻል፣ የሚቀነስልሽም ካለ የሚወስኑት የንስሐ አባትሽ እንጂ እኛ አይደለንም፤ ቁጥሩን ግን ጽፈሽ ያዢላቸው። «ብዙ ነው አባቴ» ማለትና «64 ኩንታል ከ80 ኪሎ ነው» ማለት የተለያየ ኑዛዜ ነው።

በብር ሳይሆን በጤፍ ቁጠሪ፤ የዛሬ ስድስት ዓመቱ ዋጋና የዛሬው አንድ አይደለም፣ የወሰድሽውም እህል ነው። ስማቸውን የምታውቂያቸውን ገበሬዎች ለይተሽ ጻፊ። ለምሳሌ አንድ ሰው ባለፉት ዓመታት አሥር ኩንታል ሸጦልሽ ከሆነ ያንቺ ዕዳ 30 ኪሎና አምስተኛው ስድስት ኪሎ፣ 36 ኪሎ ነው። እህል ይዞ ሲመጣ መዝነሽ ክፈዪው፣ ከዚያ «ከዚህ በፊት በሚዛኔ ጎድሎብሃል፣ ይህ ያንተ ነው» ብለሽ ጨምሪለት። ከዚህ በላይ ማብራራት አይጠበቅብሽም፤ «ሁሉም ያደርገዋል» ብለሽ ግን አትጨምሪበት፣ ያ ይቅርታውን መልሶ ይበላዋል። ግልፍተኛ እንደሆነ የምታውቂው፣ ነገሩን ወደ ቂም የሚወስድ ሰው ካለ ብቻሽን አትሂጂ፤ ሽማግሌ ይያዝ ወይም በካህኑ እጅ ይድረሰው። የማታውቂያቸው፣ የሞቱ፣ አገር የለቀቁ ብዙ ይሆናሉ። የሞተ ሰው ድርሻ ለልጆቹ ነው። ጨርሶ ባለቤቱ ካልተገኘ ዘኍልቍ 5፥8 ለእግዚአብሔር ይሁን ይላል፤ በንስሐ አባትሽ ምክር ለድኾች ይሰጥ።

ይህን ግን ከዝክርሽ ጋር አታቀላቅዪው። የ21 ዝክርሽን አታስታጕዪ፤ ጤፉ ከየት እንደመጣ ግን ለዪ። ሳኦል የተከለከለውን መንጋ አስቀርቶ «ለመሥዋዕት ነው» ባለ ጊዜ ሳሙኤል «ይህ በጆሮዬ የሚሰማ የበጎች ጩኸት ምንድን ነው?» አለው፤ መታዘዝ ከመሥዋዕት ይበልጣል የተባለውም በዚያው ቦታ ነው (1ኛ ሳሙኤል 15)። ከገበሬው በተቀሸበ ጤፍ የተጋገረ ዝክር ያ ጩኸት አለበት። ዝክሩ ቢያንስ፣ ከአንድ ሌማት ወደ ሦስት እንጀራ ቢወርድ፣ ከቀናው ይሁን። ስለትም እንዲሁ ነው፤ «ገበያዬን ካቆምህልኝ ሚዛኑን አስተካክላለሁ» ብለሽ እንዳትሳዪ። መጀመሪያ እሱ ይፈጽም ማለት ነውና ካሁኑ ልማድሽ አይለይም።

ክታቡን በተመለከተ ረጅም ነገር የለንም። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ይባላል፤ ለንግድ ጥሩ ምክር ነው፣ በእግዚአብሔር ዘንድ ግን ሁለተኛው ባላ የመጀመሪያውን መጠራጠር ነው። ፈትተሽ ለንስሐ አባትሽ ስጪ። ራስሽ ለማቃጠል ወይም ለመጣል አትጨነቂ፤ ያ ጭንቀት ክታቡን ኃይል አለው ብሎ ማመን ነው። ከተፈታ በኋላ አንድ ገበያ ቢቀዘቅዝ ከእሱ ጋር አታያይዢው። ገበያ ክታብ ታስሮም ይቀዘቅዝ እንደነበር መዝገብሽን ገልጠሽ እዪ።

መዝገብ ካልን አንድ ደብተር ለዚህ ጉዳይ ብቻ ያዢ። በየገበያው ቀን ማታ ሦስት ነገር ጻፊ፤ ዛሬ ምን ታዘዝሁ፣ ምን ፈራሁ፣ ምን ሆነ። ሦስተኛውን ቦታ ያን ቀን አትሙዪው፤ ሳምንት ቆይተሽ ተመልሰሽ ሙዪው። የፈራሽው የደረሰበት ቀን ካለም ሳትሸፋፍኚ ጻፊ፣ «ሁለት ደንበኛ ሄደብኝ» በዪ። ዮርዳኖስ የተቋረጠው በመከር ወራት ሞልቶ ሲፈስ የካህናቱ እግር ውኃውን ከነካ በኋላ ነው (ኢያሱ 3፥15)፤ ከተሻገሩም በኋላ ከወንዙ መካከል 12 ድንጋይ እንዲያወጡ የታዘዙት ልብ የሚረሳ ነገር ስለሆነ ነው። ደብተሩ ድንጋይሽ ነው። በጾመ ነነዌ ሦስት ቀናት ከመጀመሪያው ገጽ አንሥተሽ አንብቢው። የነነዌ ሰዎች ማቅ ለብሰው ጾመው ብቻ አልቀሩም፤ የንጉሡ ዐዋጅ በእጃቸው ካለው ግፍ እንዲመለሱ ያዝዝ ነበር (ዮናስ 3፥8)።

ብዙ ሰው የሚወድቀው በመጀመሪያው ሳምንት አይደለም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ልብ ይሞቃል። አደገኛው ሦስተኛውና አራተኛው ነው፤ የጎረቤት መጋዘን ሲሞላ፣ ያንቺ ሲጎድል፣ «ለዛሬ ብቻ» የሚል ሐሳብ ሲመጣ። ከወደቅሽ ዐቢይ ጾምን አትጠብቂ፤ በዚያው ማታ ሚዛኑን መልሺ፣ በዚያው ሳምንት ተናዘዢ፣ የቀሸብሽውን ያን ቀን ብቻ አስልተሽ መልሺ። ሌላው መውደቂያ ተቃራኒው ነው፤ ነገሩ ሲሳካ «ታዝዣለሁና እግዚአብሔር ይህን ሊሰጠኝ ይገባል» የሚል ስሌት። «የማንጠቅም ባሪያዎች ነን» የሚለውን ሉቃስ 17፥10ን ያን ጊዜ አንብቢው።

መታዘዝ ስንል ደግሞ ላዘዘሽ ሁሉ ማለታችን አይደለም። አባ ዮሐንስ ሐፂር፣ ጥቅምት 20 የምናስበው፣ መምህሩ የተከለለትን ደረቅ በትር ሦስት ዓመት ውኃ አጠጣ፤ ይህን ታሪክ ይዘው «እኔን ሳትጠይቁ ታዘዙ» የሚሉ ሰዎች አይጠፉም። «ራእይ አየሁልሽ፣ ይህን ያህል ብር አምጪ፣ ለማንም አትንገሪ» የሚልሽ ቢኖር ሦስት ነገር ጠይቂ፤ ይህ በመጽሐፍ አለ ወይ? ለንስሐ አባቴ በግልጽ መንገር እችላለሁ ወይ? ጥቅሙ ለማን ነው? አሁን የታዘዝሽው ሚዛን ሦስቱንም ያልፋል። የቅዳሜ ገበያ ከሰንበት ጋር እንዴት ይሁን የሚለው ጥያቄም ሳይመጣብሽ አይቀርም፤ እሱን ለንስሐ አባትሽ አቆዪው፣ በአንድ ወር ሁሉን ልታቃኚ አትሞክሪ። አሁን ሚዛኑ ነው።

የልጅሽን ነገር ወደ መጨረሻ ያመጣነው ትንሽ ስለሆነ አይደለም። የ12 ዓመት ልጅ የሚዛን ቁጥር ሲመዘግብ ኖሮ ገበሬው «ቤቴ ስመዝነው እኮ ከዚህ በላይ ነበር» ሲል ሳይሰማ፣ ሰምቶም ሳይገባው አይቀርም። ሚዛኑን በሌሊት አስተካክለሽ ጠዋት ምንም እንዳልተፈጠረ ብትሆኚ የሚማረው ዝም ማለትን ነው። አስቀምጠሽ ንገሪው፤ «ሚዛናችን ይሰርቅ ነበር፣ እኔም አውቅ ነበር፣ ኃጢአት ነው፣ እንመልሳለን» በዪው። አባቱን አትክሰሺበት። ውኃውን በሁለት ሊትር ጠርሙስ እየለካ ጀሪካኖቹን የሚሞላው እሱ ይሁን፤ አሥር ጊዜ ለእያንዳንዱ፣ ጮክ ብሎ እየቆጠረ። መቶ ኪሎው ሲደርስ ቁጥሩን እሱ ያንብብልሽ።